ጉደር በኮካ

ዝዋይ ያለው የወይን እርሻ ገብቼ፣ ከበርሜል ተቀድቶልኝ እንደቀመስኩ ለደንበኞቼ ስተርክ ሦስት ዓመት ኖሬአለሁ። ውሸት ነው። ከሐዋሳ ስንመለስ ሚኒባሱ ዝዋይ ላይ ለምሳ ቆሞ ነበር፤ የተጠበሰ ዓሣ በሎሚ በላሁ፣ እጄን ታጠብኩ፣ ተመልሼ ገባሁ። የቀረውን ከጋዜጣ ነው ያነበብኩት። ጉማሬና ጅብ እንዳይገባ በእርሻው ዙሪያ ቦይ መቆፈሩን፣ ችግኙ ከፈረንሳይ አገር ከቦርዶ መምጣቱን። የቦዩን ስፋት ስናገር ሁለት እጄን ዘርግቼ አሳይ ነበር። አንድ ቀን ሞቅ ሲለኝ ጉማሬውንም አየሁት ብያለሁ።

ደሴ ፒያሳ ግሮሰሪ አለኝ። ግሮሰሪ ስል ሦስት ጠረጴዛ፣ አንድ ፍሪጅ፣ ጣሪያ የሚነካ መደርደሪያ፣ ደጃፍ ላይ የተደረደረ የቢራ ሳጥን ማለቴ ነው። ፒያሳ የሚለውን ስም ጣሊያን ነው ጥሎልን የሄደው፤ ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ገብቶ አምስት ዓመት ተቀምጦ፣ ሲባረር ስሙ ቀረ። ይህን ይዤ ‹‹ይህ ቤት ድሮ የጣሊያን ወይን ማስቀመጫ ነበር›› እያልኩ አስወርቻለሁ። ቤቱ የተሠራው በደርግ ጊዜ ነው። ግድግዳውን ያቆመው ግንበኛ በሕይወት አለ፤ አልፎ አልፎ እየመጣ ቢራ ይጠጣል፤ ታሪኩን ስተርክ ሰምቶኝ አንድ ቀን እንኳ አላሳፈረኝም።

የነፍስ አባቴ ይህን ሁሉ ያውቃሉ። በዐቢይ ጾም መግቢያ አንድ በአንድ ነግሬአቸዋለሁ። ‹‹ሰክረህ ነበር?›› አሉኝ። ‹‹የለም አባ።›› ‹‹የሰው ገንዘብ ወስደሃል?›› ‹‹የለም አባ።›› ሃምሳ ስግደት አዘዙልኝና ለሚቀጥለው ሰው ቦታ እንድለቅ በእጃቸው አመለከቱኝ። ሰገድኩ። ዋናውን ነገር ግን አልነገርኳቸውም። እርሱን ለመናገር ነው አሁን ወረቀት የያዝኩት፤ ግን በትንንሹ ልጀምር፣ ሰው ኑዛዜ ሲጀምር ከቀላሉ ነውና።

ወይን የሚጠጣ ሰው ፒያሳ ላይ ድሮም አለ። የሚጠጣው ግን እንደሚወደው አድርጎ ነው፤ ጉደርን ከኮካ፣ ነጩን ከስፕራይት፣ አንዳንዱም ከአምቦ ውሃ ጋር ይደባልቃል። አንድ ምሽት የሚሌን መንገድ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ኮምቦልቻ ጭነቱን አራግፎ፣ ሐረጎን ወጥቶ መጣና ‹‹ጉደር በኮካ›› አለኝ። ቤቱ ሙሉ ነበር። እኔ ደግሞ ያን ሰሞን ‹‹ደረቅ›› እና ‹‹ታኒን›› የሚሉትን ቃላት ለምጄአለሁ። ቆሜ አስተማርኩት። ወይን በኮካ መጠጣት ክትፎ በስኳር እንደመብላት ነው አልኩት። ሰው ሳቀ። ሾፌሩ ኮካውን መልሶ ወይኑን ብቻውን ጠጣ፤ ግማሹን ተወው፤ ከፍሎ ወጣ። ደግሞ አልመጣም።

እኔ ደንበኛ ሸኝቼ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ሒሳብ ስሠራ የምጠጣው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ጉደር በኮካ ነው። ያኔም፣ አሁንም። እስፔን ውስጥ ባስኮች ይህንኑ ቀይ ወይን በኮካ ካሊሞቾ ብለው በየበዓላቸው አደባባይ ላይ እንደሚጠጡት ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ባውቅም ኖሮ አልናገርም ነበር፤ የምፈልገው ወይኑን ሳይሆን ከሾፌሩ መብለጥን ነበርና።

ሌላው የጠርሙሷ ነገር ነው። ሪፍት ቫሊ የተባለው የዝዋይ ወይን ወደ እኛ ከተማ ሲመጣ አንዷን ቀይ ለራሴ አስቀረሁ። ወይን ሲቆይ ይጣፍጣል የሚለውን ሰምቻለሁ። ቴሌቪዥኑ አናት ላይ፣ በመስኮቱ በኩል ፀሐይ በሚያርፍበት ቦታ ቀጥ አድርጌ አቆምኳት። ቡሹ እንዳይደርቅ ጠርሙሱ በጎኑ መተኛት እንዳለበት፣ ሙቀትና ብርሃን ደግሞ ወይን እንደሚገድሉ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም አልጠይቅም። ዓመት ጠበቅኋት፣ ሁለት ዓመት ጠበቅኋት። ለእንግዳ ‹‹ይህቺ ለትልቅ ቀን ናት›› እል ነበር።

ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ግሮሰሪውን ዘግቼ፣ አክስቴን ይዤ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ኮምቦልቻም የምታስጠጋ አልሆነችም፤ ወደ ሸዋ አለፍን። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ መደርደሪያው ባዶ ነበር፤ ፍሪጁም የለም፤ ሳጥኖቹም የሉም። አጠገቤ ጎረቤቴ ቆሟል፤ እሱ የሞተበት ሰው አለ። እኔ ግን ‹‹ነፍስ ይማር›› ከማለቴ በፊት ዓይኔ ቴሌቪዥኑ ወደነበረበት ሄደ። ጠርሙሷን ነበር የፈለግኋት። ማን እንደጠጣት አላውቅም፤ ኮምጣጤ እንደጠጣ ግን አውቃለሁ። ጎረቤቴ ወዴት እንዳየሁ አይቷል። ‹‹አብሽር፣ እቃ ይተካል›› አለኝ፤ ሐዘንተኛው እሱ፣ የሚያጽናናውም እሱ።

በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ የሚኖር የልጅነት ጓደኛዬ ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጋር ወይን እርሻውን ሊጎበኝ ሲሄድ አስከተለኝ። በእውነት ገባሁ ማለት ነው። እንደዋሸሁት አይደለም፤ ይበልጣል። በስምጥ ሸለቆው አሸዋማ አፈር ላይ፣ በሽቦ ተደግፎ፣ በመስመር የቆመ ሐረግ ዓይን እስከሚደርስ ይሄዳል። ካቤርኔ ሶቪኞ፣ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ነጩ ሻርዶኔ፣ ሁሉም በየማሳው ነው። የመጀመሪያው ወይን ለገበያ የወጣው በ2006 ዓ.ም. እንደሆነ ነገሩን። አውሮፓ ውስጥ ሐረጉ በብርድ ቅጠሉን አራግፎ ያንቀላፋል፤ እዚህ ብርድ የለም፤ ስለዚህ የሚያስተኛውም የሚቀሰቅሰውም መቀስ ነው። መቼ እንደሚገረዝ ሰው ይወስናል፣ ሐረጉ ይታዘዛል። ባለቤቱ ካስትል የተባለው የቦርዶ ኩባንያ መሆኑን ሲነግሩን ሳቅኩ፤ ኮምቦልቻ ላይ ቢራ የሚጠምቀው ቢጂአይም የዚሁ የካስትል ነው። እኔ በቢራው ሳጥን ላይ ተቀምጬ ነው ለካ በወይኑ የምኮራው።

ታንከሮቹ ጋ ስንደርስ ራሴን ረሳሁ። ጢም ብሎ የሞላ ጭማቂ ሲፈላ ሽታው አፍንጫዬን መታኝና አክስቴ ቤት ያለሁ መሰለኝ። አስጎብኚያችን ወጣት ልጅ ናት። ‹‹ጌሾው መቼ ነው የሚገባው?›› አልኳት።

የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሳቁ። ልጅቷ አልሳቀችም። ‹‹ጌሾ የለውም ጋሼ፤ ግን የጌሾውን ሥራ የሚሠራ አለ›› ብላ ወደ ቀዩ ታንከር ወሰደችኝ። ነጩ ጭማቂው ብቻ ተጨምቆ ነው የሚፈላው፤ ቀዩ ግን ከነልጣጩ፣ ከነዘሩ። ቀለሙም፣ ምላስ የሚይዘው ምረቱም ከዚያ ነው የሚመጣው። ታኒን የሚሉት እሱ ነው። ለሾፌሩ ያስተማርኩትን ቃል ትርጉሙን የተማርኩት ያን ቀን ነው። እና ምን አልኩ? ‹‹ስቀልድ ነው እንጂ አውቃለሁ›› አልኩ። ልጅቷ ‹‹እሺ›› አለች። ያቺ ‹‹እሺ›› እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ ናት።

አክስቴ ጠጅ ትጥላለች። ለሽያጭ አይደለም፤ ለማኅበርና ለበዓል ነው። ጋኑን በግራዋ አጥባ፣ በወይራ አጥና፣ አንድ እጅ ማር ለሦስት እጅ ውሃ በጥብጣ፣ ፈላ ሲል የጌሾውን እንጨት ትጨምራለች። ስኳር የገባበትን ጠጅ ከደጅ ትለየዋለች። ‹‹ይሄ ሲጠጡት ይሮጣል፣ የማር ግን ይቀመጣል›› ትላለች። ወይን ቀማሽ የተባለ ሰው በሙሉ ሊናገር የሚፈልገው ይህንን ነው፤ እኔ ግን የእርሷን ብርሌ እንግዳ ፊት ማቅረብ ካቆምኩ ቆይቼ ነበር። እንዲያውም ‹‹እትዬ፣ ይሄ ነገር ሽታው ይከብዳል›› ብያታለሁ። አማርኛችን ወይንን የወይን ጠጅ ብሎ ነው የሚጠራው፤ መጀመሪያ ጠጁ ነበር፣ ሌላው ሁሉ በእርሱ ስም ነው የሚገባው። ይህን የምጽፈው አሁን ነው። ያኔ ብርሌውን ቁም ሣጥን ውስጥ ከትቼ ባለእግሩን ብርጭቆ ነበር የምደረድረው።

እንግዲህ ዋናው።

ከዝዋይ ስንመለስ በማግስቱ አዲስ አበባ አንድ ሆቴል የወይን እራት ተጋበዝን። አምስት ዓይነት ምግብ፣ ለእያንዳንዱ የራሱ ወይን። ጠረጴዛው ላይ የቀመሱትን መትፊያ ዕቃ ነበር፤ የአጥንት መስሎኝ የዓሣዬን እሾህ ጨመርኩበት። ማንም ምንም አላለኝም፤ ጨዋዎች ናቸው። ምግቡም ወይኑም ጥሩ ነበር፤ ነጩ ከዓሣው ጋር እንደሚሄድ ማንም ሳይነግረኝ ገብቶኛል። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ‹‹አገርህ የት ነው?›› አለችኝ። ‹‹ወሎ›› አልኩ። ‹‹የነአምባሰል፣ የነባቲ አገር!›› አለች ደስ ብሏት። ከወዲያ ማዶ ያለው ሰውዬ ግን ‹‹ድርቁ አሁንስ እንዴት ነው?›› አለ። በክፋት አይደለም። የጠረጴዛው ወሬ ግን ቀጥ አለ። ሹካ ሁሉ ሳህን ላይ አረፈ። ያን ዝምታ ልገድለው ፈለግሁ፤ የገደልኩበትን መሣሪያ ነው የምናዘዘው።

አንድ የማውቀው እውነተኛ ነገር ነበር። ቦብ ጌልዶፍ የተባለው አየርላንዳዊ ዘፋኝ፣ የቢቢሲው ማይክል በርክ ጥቅምት 1977 ዓ.ም. ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ከነበረችው ከኮረም ያስተላለፈውን የረሀብ ዘገባ አይቶ ዘፋኞች ሰበሰበ፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ ታላቅ ኮንሰርት አዘጋጀ፤ ገንዘቡ ለረሀብተኛው ተላከ። ወደ 30 ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ ጌልዶፍ የሚመራው ኤይት ማይልስ የተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት የአዋሽ ወይን ጠጅን ድርሻ ገዛ። ጉደርንና አክሱማይትን የሚጠምቀውን ማለት ነው፣ መደርደሪያዬ ላይ ያለውን። ነገሩ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ከወይን ሥራ እንጀራ የሚበላ ብዙ ሰው አለ።

እኔ ግን ብርጭቆዬን አንስቼ እንዲህ አልኩ፦ ‹‹ጌልዶፍ በ77 ዘፍኖ ስንዴ ላከልን። ኋላ ማወራረጃ እንደሌለን ትዝ ሲለው ተመልሶ መጥቶ ወይን ፋብሪካ ገዛ። ስንዴው በነጻ ነበር፤ ወይኑን ግን እያስከፈለን ነው!››

ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። ድርቁን የጠየቀው ሰውዬ ዓይኑን በናፕኪን አበሰ። ሴትየዋ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። አስደገሙኝ፤ ደገምኩት። ከማዶ ካለው ጠረጴዛ አንድ ሰው መጥቶ ለእርሱም እንድነግረው ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ከሁሉ አብዝቼ የሳቅኩት እኔ ነበርኩ።

አክስቴ በ77 ከአምባሰል ወደ ሐይቅ ስትወርድ ሁለት ልጆች ይዛ ነበር። ደሴ የገባችው በአንድ ነው። አንዱ የሟች እህቷ ልጅ ነው፣ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ እኔ ነኝ። ሌላው የአብራኳ ክፋይ ነው፤ አራት ዓመቱ ነበር። የቀረበትን ቦታ መንገዱ ዳር ካለ አንድ ዋርካ ለይታ ታውቀዋለች፤ በመኪና ስናልፍ ወሬዋን አቋርጣ ታማትባለች። ስለዚህ ነገር ከዚህ የበለጠ ነግራኝ አታውቅም፤ እኔም ጠይቄአት አላውቅም። እግሬ ስለሚፈጥን ይሆን፣ ስንዴው ሲታደል መጀመሪያ ለእኔ ደርሶ ይሆን፣ አላውቅም።

ያን ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ የመጣብኝ አንድ ፊልም ነው። በ1966ቱ ረሀብ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ መጥቶ የቀረጸውን ደርግ አገኘው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀረው፣ በቴሌቪዥን አሳየው፤ እንዳለ ሳይሆን የቤተ መንግሥቱን ግብዣ እየሰነጣጠቀ በመሐል አስገብቶ። ከሲታ የወሎ ልጅ፣ ከዚያ ሻምፓኝ ሲቀዳ፤ የምትሞት እናት፣ ከዚያ ኬክ ሲቆረስ። ይህ ሲታይ እኔ ገና አልተወለድኩም፤ በኋላ ነው ያየሁት፣ ያየ ሁሉ እንደሚቆጣው ተቆጥቼም ነበር። የወሎን ረሀብና የወይን ብርጭቆን በአንድ ፊልም የቀጠለው ግን ደርግ በመቀስ ነው፤ እኔ በአፌ ነው። ደርግ ሕዝብ ለማስቆጣት አደረገው፤ እኔ እራት ለማጣፈጥ።

ይህን ካወቅህ ተውከው ወይ ትሉኛላችሁ። ኑዛዜው እዚህ ጋ ነው የሚከፋው። አልተውኩትም።

ደሴ ተመልሼ ቤቴ የወይን እራት አዘጋጀሁ። አሥር ሰው ጠራሁ፤ አዲስ አበባ ያስከተለኝ ጓደኛዬም ለዘመድ ጥየቃ መጥቶ ነበርና ተገኘ። አራት ዓይነት ወይን፣ ባለእግር ብርጭቆ፣ ሻማ። ያ ‹‹አብሽር›› ያለኝ ጎረቤቴም መጣ። ጎረቤቴ ሙስሊም ነው። ለእርሱ ምን እንዳዘጋጀሁ ልንገራችሁ፦ አንድ የታሸገ ውሃ። ደሴ ውስጥ! ንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሻቸውን አይጠየፍ ብለው በሰየሙበት ከተማ፣ ሠርግ ሲደገስ ለሙስሊሙ በሙስሊም እጅ ለብቻ በሚታረድበት፣ ጠላ ለጠጪው ሲቀዳ ለማይጠጣው ቀሪቦ በሚቀዳበት አገር፣ ውሃ ፊቱ አቁሜ አሥራ አንድ ዓይነት ሽታ ስለሚሸት ወይን እደሰኩራለሁ። የታደገችኝ አክስቴ ናት። ማን እንደሚመጣ ጠይቃ ሰምታ ስለነበር፣ ከጠዋት በጥብጣ ያኖረችውን፣ ጌሾ ያልነካውን ብርዝ በእንስራ ይዛ መጣች። ‹‹ይኸው የእናንተ›› ብላ ቀዳችለት። ከዚያ ጥግ ላይ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

ወይን አልቀመሰችም። ብርጭቆውን ወደ መብራት አንስታ ‹‹ከዘቢብ ነው?›› አለችኝ። እርሷ የምታውቀው ወይን ቤተልሔም ውስጥ ዲያቆኑ ዘቢብ ዘፍዝፎ፣ ጨምቆ ለቅዳሴ የሚያዘጋጀውን ነው። ከእርጥቡ ፍሬ እንደሆነ ነገርኳት። ‹‹እንዲህ በከንቱ ይጠጣል?›› አለች፤ እየወቀሰች አይደለም፣ እየጠየቀች ነው።

ጓደኛዬ ሞቅ ብሎታል። ‹‹እስቲ ያቺን የጌልዶፍን ንገራቸው!›› አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እምቢ ማለት እችል ነበር፤ ራሴን አመመኝ ማለት እችል ነበር። ብርጭቆዬን አነሳሁ። ‹‹ጌልዶፍ በ77…›› ብዬ ጀመርኩ።

አክስቴ ቀና አለች። ‹‹በ77 ምን ሆነ?›› አለችኝ።

ቤቱ ፀጥ አለ። ጎረቤቴ ብርዙን አስቀምጦ መሬት መሬት ያያል፤ እሱ የዋርካውን ነገር ያውቃል።

‹‹ምንም እትዬ፤ ዝናቡ ጠፋ ልል ነው›› አልኩ።

‹‹ጠፋ እንጂ›› አለችና ለጎረቤቴ ብርዝ ጨመረችለት። ‹‹ጠጣ እንጂ፣ ምነው ተውከው?››

እራቱ ቀጠለ። ጓደኛዬ በማግስቱ ቀልዱን ለምን እንደቆረጥኩት ጠየቀኝ፤ ረሳሁት አልኩት።

አሁን ግሮሰሪው ውስጥ ጠርሙሶቹ በጎናቸው ተኝተዋል፤ ጉደር በኮካ ለጠየቀ ያለ ትምህርት ይቀርብለታል፤ ያ ሾፌር ግን አልመጣም። የዝዋዩን ውሸት ለግንበኛው ነግሬው ‹‹ጉማሬው ላይ ነው የጠረጠርኩህ›› ብሎኛል። ብርሌዎቹን ከቁም ሣጥን አውጥቻለሁ። ይህ ሁሉ ቀላሉ ነው። ቀልዱን ግን አክስቴ እስከ ዛሬ አልሰማችም። ልነግራት ሦስት ጊዜ ሄጄ፣ ሦስት ጊዜም ቡና ጀባ ብላኝ፣ ጠጥቼ ተመልሻለሁ። ይህን የጻፍኩት እርሷ ማንበብ እንደማትችል አውቄ ነው።